ዲስኩ የጠፋው የት ጋ ነው?

ልጆቼ፣

በዚህ ሙያ ብዙ ዓመት ቆይቻለሁ። ከወጣት ባለሙያዎች ዛሬም በብዛት የሚደርሰኝ ጥያቄ ግን ያው ነው፦ «ዲስኩ አይታይም፣ ምን ላድርግ?» እኔም ሁልጊዜ መልሼ እጠይቃለሁ። የማይታየው ለማን ነው? ማሽኑ ሲበራ መጀመሪያ ለሚሠራው ፕሮግራም፣ ለባዮሱ? ለሲስተሙ እምብርት፣ ለከርነሉ? ወይስ ለእናንተ ብቻ?

ይህን መጠየቅ ያስተማረኝ አንድ ሌሊት ነው። በአንድ የቆየ ሰርቨር ላይ የሊኑክስ ከርነሉን አደስኩ። ሪስታርት ሳደርገው «ሩት ፋይል ሲስተሙን ማውንት ማድረግ አልቻልኩም» ብሎ ቀጥ አለ፤ ሲስተሙ ያለበትን የዲስኩን ክፍል መክፈት አቃተኝ ማለቱ ነው። ዲስኩ ሞተ ብዬ ደመደምኩ። ክዳኑን ከፈትኩ። ኬብል ቀየርኩ። በዲስኩ ላይ ያለውን ትንሽ መሰኪያ፣ ጃምፐሩን፣ ከማስተር ወደ ስሌቭ፣ ከስሌቭ ወደ ማስተር አመላለስኩ። ሊነጋ ሲል አዲስ ዲስክ ገጥሜ ከባክአፕ ልመልስ ተነሳሁ። ያን ጊዜ አንድ የሥራ ባልደረባዬ ገባና ምንም ሳይነካ ስክሪኑን ማንበብ ጀመረ። «ዲስኩ ይኸውና፤ ስሙ ነው የተቀየረው» አለኝ።

እውነቱን ነበር። ከስህተቱ መልእክት ጥቂት መስመሮች ከፍ ብሎ የዲስኩ ሞዴል፣ መጠኑ፣ ፓርቲሽኖቹ (ዲስኩ የተከፈለባቸው ክፍሎች) ሳይቀሩ ተዘርዝረዋል። ድሮ ኤችዲኤ ይባል የነበረው ኤስዲኤ ሆኗል። ከርነሉ ሲነሳ የሚሰጠው ትእዛዝ፣ የቡት ማዘዣው፣ ግን አሁንም ኤችዲኤ እያለ ይጠራዋል። ሌሊቱን ሙሉ ከብረት ጋር ስታገል ያደርኩት ለአንድ ፊደል ነው።

ምክንያቱን ብታውቁት ይጠቅማችኋል። ድራይቨር ከርነሉ መሣሪያን የሚያናግርበት ፕሮግራም ነው፤ አይዲኢ ደግሞ የድሮ የዲስክ ማገናኛ ነው። የድሮው አይዲኢ ድራይቨር ለዲስኮች ኤችዲ የሚል ስም ይሰጥ ነበር። ሊብአታ የሚባለው አዲሱ መንገድ ግን ዲስኮቹን ስካዚ በሚባል ሌላ የዲስክ ማስተናገጃ በኩል ስለሚያቀርባቸው ስማቸው ኤስዲ ይሆናል። የአይዲኢ ዲስኮችን የሚያስተናግዱት የሊብአታ ድራይቨሮች ወደ ከርነል 2.6.19 የገቡት እ.ኤ.አ. በ2006 ነው። አሮጌው አይዲኢ ድራይቨር ጨርሶ የወጣው ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2021፣ በ5.14 ነው። በመሀል ባሉት ዓመታት ሁለቱ ጎን ለጎን ኖረዋል። ስለዚህ ማውንት የሚደረጉት በሚዘረዘሩበት በኤፍኤስታብ ፋይል ውስጥ ዲስክን ከርነሉ በሚሰጠው ስም አትጥሩት፤ በዩዩአይዲ (የፋይል ሲስተሙ የራሱ መለያ ቁጥር) ወይም በሌብል (እናንተ የምትለጥፉበት መጠሪያ) ጥሩት። ቡት ሲደረግም ይህ እንዲሠራ ኢኒትአርዲው (ዋናው ዲስክ ከመከፈቱ በፊት ከርነሉ የሚጠቀምበት ትንሽ ጊዜያዊ ሲስተም) ዩዩአይዲን የሚያውቅ መሆን አለበት። ከርነሉ ብቻውን የፋይል ሲስተም ዩዩአይዲ አይፈልግላችሁም።

አሁን ወደ ጥያቄዬ ልመለስ። ዲስክ እናንተ ጋ ከመድረሱ በፊት ብዙ እጅ ያልፋል። ባዮሱ ያየዋል። ከርነሉ ዲስኩ የተሰካበትን መቆጣጠሪያ ያገኘዋል። ድራይቨር ይይዘዋል። ዲስኩ ስም ይወጣለታል። ፓርቲሽኑ ይነበባል። ማውንት ይደረጋል። ከእነዚህ አንዱ ጋ ተቋርጧል። ሥራችሁ የት ጋ እንደተቋረጠ ማወቅ ነው፤ መጠገኑ ብዙ ጊዜ ከዚያ በኋላ ቀላል ነው።

እና መጀመሪያ ዲሜሴጅን፣ የከርነሉን መልእክቶች፣ አንብቡ። ፈልጉበት አላልኩም፣ አንብቡ። «ኤረር» የሚል ቃል ብቻ እያደናችሁ ከሮጣችሁ፣ እኔ ያን ሌሊት ያለፍኩትን መስመር እናንተም ታልፉታላችሁ። አሮጌ ከርነል መልእክቱን የሚያስቀምጥበት ቦታ ትንሽ ስለሆነ ማሽኑ ብዙ ከቆየ የመጀመሪያዎቹ መስመሮች ይገፉና ይጠፋሉ። ያን ጊዜ ቡት ሲደረግ የተቀመጠውን ቅጂ ከሎግ ማህደሩ ውስጥ ፈልጉ።

ማሽኑ ቡት ሳያደርግ ከቆመ በመልእክቱ መጨረሻ ያሉትን ሁለት ቁጥሮች ልብ በሉ። «አንኖውን ብሎክ» ብሎ በቅንፍ 0፣0 ከጻፈ፣ ከርነሉ በሰጣችሁት ስም የሚጠራ ምንም ዲስክ አላገኘም ማለት ነው። ወይ ስሙ ተሳስቷል፣ ወይ ድራይቨሩ የለም። 8፣1 ካለ ግን ነገሩ ሌላ ነው። 8 የኤስዲ ዲስኮች ቁጥር ነው፤ ዲስኩን አይቶታል፣ ያቃተው ፋይል ሲስተሙን መክፈት ነው። ያን ጊዜ ኬብል መንቀል ጊዜ ማባከን ነው።

ከርነሉ ስለ ዲስኩ ምንም ካላለስ? በማሽኑ ውስጥ ያሉትን መሣሪያዎች የሚዘረዝረውን ትእዛዝ፣ ኤልኤስፒሲአይን፣ በቁጥር እንዲያሳያችሁ እዘዙት። እያንዳንዱ መቆጣጠሪያ ሁለት መለያ አለው፤ የመጀመሪያው የአምራቹ ነው፣ ለምሳሌ 8086 ኢንቴል ነው። ሁለተኛው የመሣሪያው ነው። እነዚህን በከርነሉ ሞጁሎች (ለብቻቸው የሚጫኑ ድራይቨሮች) ዝርዝር ውስጥ ፈልጓቸው። እዚህ ጋ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ድራይቨሩ መኖሩ አይበቃም፤ ያንን ቁጥር ማወቅ አለበት። ከድራይቨሩ በኋላ የተሠራ መቆጣጠሪያ ለአሮጌ ከርነል እንግዳ ነው። የሳታ (አይዲኢን የተካው ማገናኛ) መቆጣጠሪያ ከሆነና ባዮሱ ከፈቀደ፣ ከሳታ የራሱ አሠራር፣ ከኤኤችሲአይ፣ ወደ አይዲኢ ሞድ መቀየር ለጊዜው ያሳየዋል። ፍጥነቱ ይቀንሳል፤ ዳታ ለማውጣት ግን ይበቃል።

ኤንቪኤምኢ በሚባሉት ፈጣን ዲስኮች ላይ ግን እንዲህ ያለ ማለፊያ የለም። ድራይቨሩ ወደ ዋናው ከርነል የገባው በ3.3፣ እ.ኤ.አ. በ2012 ነው። ከዚያ በፊት ያለ ከርነል፣ የሊኑክስ ስርጭቱ አዘጋጆች ራሳቸው ካልጨመሩለት በስተቀር፣ ዲስኩን አያውቀውም።

ሌላው ደግሞ ይሄ ነው፦ ሬስኪዩ ሲዲ (ማሽኑን ለጥገና የሚያስነሳ ሲዲ) ዲስኩን ያየዋል፣ የተጫነው ሲስተም ግን አያየውም። ዲስክ ከአንድ ማሽን ወደ ሌላ ስታዛውሩ ይህ ያጋጥማል። ድራይቨሩ ዲስኩ ላይ አለ፤ ኢኒትአርዲው ውስጥ ግን የለም። ዲስኩን የሚከፍተው ቁልፍ ዲስኩ ውስጥ ተቆልፎበታል። ኢኒትአርዲውን አዲሱን ሞጁል ጨምራችሁ እንደገና ሥሩት።

መጠኑ ተሳስቶ የሚታይ ዲስክ ከማይታየው የበለጠ ያስፈራኛል። 250 ጊጋባይት የገዛችሁት 137 ሆኖ ከታየ፣ ከመሀል አንዱ አድራሻ የሚቆጥረው በ28 ቢት ነው። 268,435,456 ሴክተር በ512 ባይት ሲባዛ 137 ቢሊዮን ባይት ይሆናል፤ ጣሪያው እሱ ነው። 48 ቢት የሚያውቅ ከርነልና መቆጣጠሪያ እስክታገኙ ድረስ ምንም አትጻፉበት። ከጣሪያው በላይ ያለ አድራሻ ሲቆረጥ ተመልሶ የዲስኩ መጀመሪያ ላይ ሊጻፍ ይችላል፤ ፓርቲሽን ቴብሉም ያለው እዚያ ነው።

ዲስኩ እየታየ እየጠፋ ካስቸገረ ደግሞ የስህተቱን ስም ለዩ። «ባድ ሲአርሲ» የሚል ከሆነ ዳታው የተበላሸው መንገድ ላይ ነው፤ መጀመሪያ ኬብሉን ቀይሩ። በድሮዎቹ ላይ 80 ሽቦ ያለው ኬብል በ40ው ተተክቶ እንደሆነም እዩ። ዲስኩ ስለ ራሱ ጤንነት በሚያወጣው በስማርት ሪፖርቱ ላይ 199ኛው ቁጥር ይህንኑ ይቆጥራል። «አንኮሬክተብል» ካለ ግን ችግሩ ዲስኩ ውስጥ ነው። ያን ጊዜ ሪስታርት እያደረጋችሁ አትሞክሩ። እያንዳንዱ ሙከራ የቀረውን ዕድሜ ይበላል። ለንባብ ብቻ ክፈቱትና ቅጂውን አውጡ።

አደራ የምላችሁ ነገር አለ። በእነዚህ ሰዓታት አንድ ፕሮግራም «ዲስኩ አልተዘጋጀም፣ ፎርማት ላድርገው?» ብሎ ይጠይቃችኋል። የሰው የዓመታት ሥራ በዚያ አንድ መልስ ሲጠፋ አይቻለሁ። ባለቤቱ አጠገቤ ቆሞ ነበር። ምን እንደተፈጠረ ገና አልገባውም ነበር፣ እኔ ግን ፊቱን ማየት አልቻልኩም። እምቢ በሉት።

እርዳታ ስትጠይቁም የከርነሉን ቁጥር፣ ሁለቱን የመቆጣጠሪያ ቁጥሮችና ሙሉውን ዲሜሴጅ ላኩልኝ። የመረጣችሁትን መስመር ሳይሆን ሙሉውን። እኔ ከላይ ጀምሬ አነበዋለሁ።