የ18.04 ፕሪሲድ ፋይል ኡቡንቱ 24.04 ላይ ለምን ዝም ይላል? በምን ይተካል?

ሰላም ወንድሜ። ጥያቄህን እንደተረዳሁት፣ ጎንደር ውስጥ 30 ኮምፒውተር ያለው ላብ አለህ። ኡቡንቱ 18.04ን በአንድ ፕሪሲድ ፋይል (የኢንስቶለሩን ጥያቄዎች አስቀድሞ የሚመልስ ፋይል) በኔትወርክ ትጭን ነበር። አሁን ያንኑ ፋይል ለ24.04 ስትሰጠው ኢንስቶለሩ ምንም እንዳላየ ሆኖ ቋንቋ ምረጥ ይልሃል። «የትኛውን መስመር ላስተካክል?» ነው ያልከው። የሚስተካከል መስመር የለም። ፋይሉን ያነብ የነበረው ፕሮግራም ራሱ ከዲስኩ ወጥቷል።

18.04 ሲወጣ የሰርቨሩ ዲስክ ሁለት ዓይነት ነበር፤ አንዱ የዴቢያን ኢንስቶለር ያለበት፣ ሌላው ሰብኪውቲ የሚባለው አዲሱ። ፕሪሲድ የሚያነበው የመጀመሪያው ብቻ ነው። ሚያዝያ 2020 (በፈረንጅ) 20.04 ሲመጣ ሰብኪውቲ አውቶኢንስቶል የሚባል የራሱን የፋይል ዓይነት ይዞ ዋና ሆነ፤ የድሮው ትንሽ ቆይቶ ቀረ። ዴስክቶፑም በ23.04 ኢንስቶለሩን ቀይሮ 24.04 ላይ ያንኑ አውቶኢንስቶል ማንበብ ጀመረ፤ ስለዚህ ዛሬ ለሰርቨርም ለዴስክቶፕም የምትማረው አንድ ነገር ነው። ፕሪሲድህን በምንም ዋጋ አልጥልም ካልክ ዴቢያን እስካሁን ያነበዋል፤ ኡቡንቱ ላይ ግን መንገዱ ተዘግቷል።

(ስሞቹን በእኛ ፊደል ነው የምጽፋቸው፤ ፋይሉ ውስጥ ሁሉም በላቲን ትንሹ ፊደል ነው።)

ከፕሪሲዱ የሚተርፍልህ ትንሽ ነው። «ዲ-አይ» ብለው የሚጀምሩት መስመሮች በሙሉ ይጣላሉ። የሌላ ፓኬጅ ስም ይዘው የሚጀምሩትን፣ ማለትም ፓኬጁ ሲጫን የሚጠይቀውን የሚመልሱትን፣ «ዴብኮንፍ-ሰሌክሽንስ» በሚለው ቁልፍ ስር እንዳሉ መለጠፍ ትችላለህ። ሌላውን መስመር በመስመር ለመተርጎም አትሞክር። ይልቅ አንድ ማሽን ላይ 24.04ን በእጅህ ጫን። ሲያልቅ ቫር ውስጥ፣ ሎግ ውስጥ፣ ኢንስቶለር በሚለው ፎልደር «አውቶኢንስቶል-ዩዘር-ዳታ» የሚል ፋይል ታገኛለህ፤ በእጅህ የመረጥከው ሁሉ በትክክለኛው አጻጻፍ ተቀምጧል። ከእሱ ላይ «ስቶሬጅ» የሚለውን ክፍል ቁረጠው። የዚያን ማሽን የዲስክ ሴሪያል ቁጥርና የእያንዳንዱን ክፍልፋይ መጠን በባይት ይዞ ስለሚመጣ ሌላው ማሽን ላይ አይሠራም።

የአውቶኢንስቶል ፋይሉ አቀማመጥ ያምል ነው፤ የትኛው በየትኛው ስር እንዳለ የሚታወቀው በመስመሩ መግቢያ ስፔስ ነው። ታብ አይወድም፤ በሁለት በሁለት ስፔስ ግባ። በኔትወርክ ወይም በሌላ ፍላሽ የምታቀርበው ከሆነ የመጀመሪያው መስመር የግድ የሃሽ ምልክትና «ክላውድ-ኮንፊግ» ነው፤ ይህች ከጠፋች ፋይሉ አይታይም፣ ስህተትም አይነገርህም። ከዚያ «አውቶኢንስቶል»፣ ከስሩ «ቨርዥን፦ 1»። ይህ ቁጥር ከ20.04 ጀምሮ አልተለወጠም፤ በስሩ ያሉት ቁልፎች ግን ተለዋውጠዋል፣ ስለዚህ እሱን አይተህ ፋይሉ ለየትኛው እትም እንደተጻፈ አታውቅም።

ሁለት ቦታ ላይ ብዙ ሰው ይወድቃል። አንደኛ፣ ተጠቃሚዎችን ወይም ሌላ የክላውድ-ኢኒት (ማሽኑ ሲነሳ ይህን ፋይል አንብቦ የሚያዋቅረው ፕሮግራም) ትእዛዝ ከ«አውቶኢንስቶል» ውጭ ከጻፍክ የሚሠራው በኢንስቶለሩ ጊዜያዊ ሲስተም ላይ ነው፤ ሪስታርት ሲያደርግ አብሮ ይጠፋል። የተጫነው ማሽን ላይ እንዲሠራ ከፈለግህ «አውቶኢንስቶል» ስር «ዩዘር-ዳታ» ብለህ ክፈትና እዚያ ጻፍ። ሁለተኛ፣ ፕሪሲድ ፓስዎርድን እንዳለ በግልጽ ይቀበል ነበር። «አይደንቲቲ» ስር ያለው ፓስዎርድ ግን የተመሰጠረ ሃሽ መሆን አለበት፤ ኦፕንኤስኤስኤል ፓስዎርድ ከ-6 ጋር ያወጣልሃል። ግልጹን ከጻፍክ ጭነቱ በሰላም ያልቃል፣ መግባት ግን አይቻልም። ፋይሉን በሼል ስክሪፕት የምታመነጭ ከሆነ ደግሞ ሃሹ ውስጥ ያለውን የዶላር ምልክት ሼሉ እንዳይበላው በነጠላ ጥቅስ ጠብቀው።

ፋይሉን ወደ ማሽኑ ስለማድረስ፦ በዌብ ሰርቨር አንድ ፎልደር ውስጥ «ዩዘር-ዳታ» እና «ሜታ-ዳታ» የሚሉ ሁለት ፋይሎች አስቀምጥ። ሁለተኛው ባዶ ቢሆንም መኖር አለበት። ከርነሉ መስመር (ከርነሉ ሲነሳ የሚሰጠው የትእዛዝ መስመር) ላይ «ዲኤስ» እኩል ይሆናል «ኖክላውድ»፣ ሴሚኮለን፣ «ኤስ» እኩል ይሆናል ብለህ የፎልደሩን አድራሻ ትሰጣለህ። አድራሻው በስላሽ ማለቅ አለበት፤ ክላውድ-ኢኒት የፋይሉን ስም ከኋላው ዝም ብሎ ነው የሚቀጥለው። ሴሚኮለኑ ግራብ (ከርነሉን የሚያስነሳው ፕሮግራም) ውስጥ ትእዛዝ መለያ ስለሆነ ከፊቱ የኋላ ስላሽ ካላደረግክ ግራብ እዚያው ይቆርጠዋል። ኢንስቶለሩ ቋንቋ እየጠየቀ የሚከፈት ከሆነ ብዙ ጊዜ ከሦስቱ አንዱ ነው፦ ሴሚኮለኑ፣ ስላሹ ወይም የመጀመሪያው መስመር። የምታስነሳው በፒክስኢ (ማሽኑን ከኔትወርክ የማስነሻ መንገድ)፣ በፒክስኢ ሊኑክስ ከሆነ ሴሚኮለኑ ምንም አይሆንም። ያለ ኔትወርክ ለመሥራት ደግሞ ሌላ ፍላሽ በፋት ፎርማት አድርገህ ስሙን «ሲአይዳታ» በለውና ሁለቱን ፋይሎች ጣልበት።

እንግዲህ ወደ አደገኛው ነገር ልምጣ። «አውቶኢንስቶል» የምትለው ቃል ከፋይሉ በተጨማሪ ከርነሉ መስመር ላይም ትጻፋለች። እዚያ ከሌለች ኢንስቶለሩ ዲስክ ከመንካቱ በፊት «ልቀጥል?» ብሎ ይጠይቃል፤ ካለች ሳይጠይቅ ያጠፋል። ኮምፒውተሮችህ ባዮስ ላይ መጀመሪያ ከኔትወርክ እንዲነሱ የተደረጉ ከሆነ ጭነቱ አልቆ ሪስታርት ሲያደርግ እንደገና ከኔትወርክ ተነስቶ እንደገና ይጭናል፤ ያለማቋረጥ። ከዚህ የባሰው ከወራት በኋላ የሚመጣው ነው። መብራት ጠፍቶ ሲመለስ በራሳቸው እንዲነሱ የተዘጋጁ ማሽኖች፣ የፒክስኢ ሰርቨሩም በዩፒኤስ ወይም በጄኔሬተር ቆይቶ ከሆነ፣ ሁሉም ተራ በተራ ፎርማት ይሆናሉ፤ የተማሪው ሥራም አብሮ ይሄዳል። መብራት በሚመላለስበት ከተማ ይህን እንደ ሩቅ ነገር ማየት አይገባም። ስለዚህ ፋይሉ ላይ «ሸትዳውን፦ ፓወርኦፍ» ብለህ ጻፍ፤ ሲጨርስ ይጠፋል፣ የጨረሰውንም በዓይንህ ትለያለህ። የፒክስኢ ሜኑው ነባሪ ምርጫ ከራሱ ዲስክ መነሳት ይሁን፣ የመጫኛው ምርጫ በእጅ ብቻ ይመረጥ። 30ውን ማሽን እየዞሩ አንድ ቁልፍ መጫን ላቡን ከማጣት ይሻላል። ሥራው ሲያልቅም የዲኤችሲፒውን የቡት አድራሻ አውጣው።

ራም። የድሮው የኔትወርክ ጭነት ትንሽ ከርነልና ኢኒትአርዲ ብቻ አውርዶ ፓኬጆቹን አንድ በአንድ ይስብ ነበር። አዲሱ የዲስኩን ምስል በሙሉ በዩአርኤል አውርዶ ራም ላይ ያስቀምጠዋል። የ24.04 ሰርቨር ምስል ከ2.5 ጊጋባይት በላይ ነው፤ ስለዚህ 4 ጊጋባይት ራም ያለው ያገለገለ ማሽን መሃል ላይ ይወድቃል። 8 ካለህ አትጨነቅ። 4 ብቻ ከሆነ ወይ በፍላሽ ጫን፣ ወይ የምስሉን ይዘት ኤንኤፍኤስ (በኔትወርክ የሚጋራ ፎልደር) ላይ ዘርግተህ ከርነሉን «ኔትቡት» እኩል ይሆናል «ኤንኤፍኤስ» በለው፤ ያኔ ራም ላይ አይጭነውም።

ዲስክ ላይ የድሮው የፓርትማን (የዴቢያን ኢንስቶለር ዲስክ ከፋፋይ) አዘገጃጀት በሁለት መስመር ይተካል፦ «ስቶሬጅ» ስር «ሌይአውት»፣ ስሙ «ዳይሬክት» (ተራ ክፍልፋይ) ወይም «ኤልቪኤም» (በኋላ መጠኑ ሊቀየር የሚችል ክፍልፋይ)። ለላብ ዳይሬክትን እመርጣለሁ። ኤልቪኤም ከመረጥክ ግን አንድ ነገር እወቅ፦ ነባሪው ሁኔታ ዲስኩን ሙሉ አይሰጥህም። ቦታው ከ20 እስከ 200 ጊጋባይት ከሆነ ለሩት (ለሲስተሙ ዋና ክፍል) ግማሹን ብቻ፣ ከ200 በላይ ከሆነ 100 ብቻ ይሰጣል፤ የቀረው ለወደፊት ማስፋፊያ ባዶ ይቀመጣል። «240 ጊጋ ዲስክ ገዝተን 100 ብቻ ያሳያል» የሚለው በየጊዜው የሚመጣ ጥያቄ መነሻው ይህ ነው። «ሳይዚንግ-ፖሊሲ፦ ኦል» ይፈታዋል። ሌላው፣ ዲስክ ካልመረጥክለት ትልቁን ይወስዳል። 120 ጊጋ ኤስኤስዲና 500 ጊጋ ሃርድ ዲስክ አንድ ላይ ባለበት ማሽን ሲስተሙ ሃርድ ዲስኩ ላይ ያርፋል፣ ዳታ ከነበረም ይጠፋል። «ማች» ስር «ኤስኤስዲ፦ ትሩ» በለው።

የማሽን ስም ላይ ፕሪሲድ ከዲኤችሲፒ ይወስድ ነበር። እዚህ «ሆስትኔም» ግዴታ ነው፤ እንዳለ ከተውከው 30ውም አንድ ስም ይይዛሉ። መውጫው «ኧርሊ-ኮማንድስ» ነው። ኢንስቶለሩ ፋይሉን ከየትም ያምጣው ከየት በሩት ላይ «አውቶኢንስቶል.ያምል» ብሎ ያስቀምጠዋል፣ እነዚህ ትእዛዞች ካለቁ በኋላም እንደገና ያነበዋል። ስለዚህ ስሙ ቦታ ላይ መያዣ ቃል ጽፈህ፣ በሴድ (ጽሑፍ ፈልጎ የሚተካ ትእዛዝ) የኔትወርክ ካርዱን የማክ አድራሻ መጨረሻ ስድስት ፊደላት ተካበት። የማዘርቦርዱን ሴሪያል መጠቀም ያምራል፤ ግን ያገለገሉ ማሽኖች ላይ ብዙ ጊዜ አልተሞላም ወይም ሁሉም ላይ አንድ ዓይነት ጽሑፍ ነው።

ኢንተርኔት። ነባሪው ሁኔታ የደህንነት ማሻሻያዎችን በጭነቱ መጨረሻ ያወርዳል፤ 30 ማሽን እኩል ሲጀምር መስመሩ ይታነቃል። አንድ ማሽን ላይ አፕት-ካሸር-ኤንጂ ጫን (ፓኬጁን አንዴ አውርዶ ለሌሎቹ የሚያካፍል ነው፤ ፖርቱ 3142 ነው)፣ «አፕት» ስር «ሚረር-ሰሌክሽን» ውስጥ በእሱ በኩል የሚያልፈውን አድራሻ ስጥ። «ፎልባክ፦ ኦፍላይን-ኢንስቶል» ብለህም በግልጽ ጻፍ፤ መስመሩ ቢቋረጥ ዲስኩ ላይ ባለው ብቻ ይጨርሳል። «ጂኦአይፒ፦ ፎልስ» ጨምርበት። ካሹ ለስናፕ (ከራሱ መደብር የሚወርድ የፕሮግራም ጥቅል) እንደማይጠቅም አትርሳ፤ ፋየርፎክስ አሁን ስናፕ ስለሆነ እያንዳንዱ ማሽን ለብቻው ከመደብሩ ያወርዳል።

ያ የካሽ አድራሻ ግን በተጫነው ሲስተም ላይም ይቀራል፤ ላፕቶፕ ከላቡ ሲወጣ አፕዴት እምቢ ይላል። አብዛኛው ሰው በመጨረሻው ትእዛዝ ሶርስስ.ሊስትን በሴድ ያስተካክላል። እዚህ ላይ 24.04 ሌላ ወጥመድ አለው፦ የማከማቻዎቹ ዝርዝር አሁን ሶርስስ.ሊስት.ዲ ፎልደር ውስጥ «ኡቡንቱ.ሶርስስ» በሚባል አዲስ ፋይል ነው፣ የድሮው ውስጥ ማብራሪያ ጽሑፍ ብቻ ቀርቷል። ሴዱ የሚቀይረው አያገኝም፣ ስህተትም አይሰጥም፣ ከ22.04 ያመጣኸው ስክሪፕት የሠራ ይመስልሃል።

«ሌት-ኮማንድስ» የድሮውን ሌት-ኮማንድ ይተካል፤ ልዩነቱ ግን ትልቅ ነው። የድሮው በሴሚኮለን የተያያዘ አንድ ረጅም መስመር ስለነበር መሃል ላይ የወደቀው ይታለፍ ነበር። አሁን ዝርዝር ነው፤ አንዱ ከዜሮ ሌላ ኮድ ከመለሰ ጭነቱ በሙሉ ይቆማል። ቢወድቅም ግድ የለኝ የምትለው ትእዛዝ ጀርባ «ወይም ትሩ» የሚለውን የሼል አነጋገር ጨምር። በአዲሱ ሲስተም ውስጥ የሚሠራው «ኩርቲን ኢን-ታርጌት» ብሎ ይጀምራል (ኩርቲን ከሰብኪውቲ ጀርባ ጭነቱን የሚሠራው ፕሮግራም ነው)፤ ተራ ፋይል መቅዳት ግን በቀጥታ ወደ ታርጌት ፎልደር ይሆናል።

ጥቃቅኖቹን ቶሎ ልበላቸው። «ታይምዞን» ላይ የአዲስ አበባውን ካልጻፍክ ሰዓቱ ዩቲሲ ሆኖ ሦስት ሰዓት ወደኋላ ይቀራል። የባዮስ ባትሪው የሞተ ማሽን ቀኑ ወደኋላ ስለሚሄድ አፕት የማከማቻው ፋይል ገና አልጸናም ብሎ ይቆማል፤ ባትሪውን ቀይር፣ ካልሆነም በ«ኧርሊ-ኮማንድስ» ቀኑን ስጠው። ኪቦርዱን የአሜሪካ አድርገህ ጫን፤ አማርኛውን ተጠቃሚው ከገባ በኋላ ጨምር፣ አለዚያ በጽሑፍ ማያው ላይ የመግቢያ ስም ለመጻፍ ትቸገራለህ።

30ው ላይ ከመልቀቅህ በፊት በቨርቹዋል ማሽን ሞክረው፤ የሰብኪውቲ ምንጭ ኮድ ውስጥ የዩዘር-ዳታ ማረጋገጫ ስክሪፕትም አለ። የክላውድ-ኢኒት ስኪማ ትእዛዝ ብቻውን አይበቃም፤ «አውቶኢንስቶል» ስር ያለውን አያውቀውም። 24.04 የማያውቀው ቁልፍ ሲያገኝ ለጊዜው አስጠንቅቆ ያልፋል፣ ስለዚህ የፊደል ስህተት ያለበት ቁልፍ እንደሌለ ይቆጠራል። ጭነት ሲወድቅ ኮንትሮል፣ ኦልትና ኤፍ2 ተጫንና ሼል ክፈት፤ እዚያው ኢንስቶለር ፎልደር ውስጥ መጀመሪያ የሰብኪውቲ ሰርቨር ዲበግ ሎግን እይ፣ ዲስክ ወይም ፓኬጅ ላይ ከቆመ ደግሞ የኩርቲን ኢንስቶል ሎግን ከታች ወደ ላይ አንብብ። እዚህ ስትለጥፍ የፓስዎርዱን ሃሽ አጥፋና የመጨረሻዎቹን 40 መስመሮች ላክ።