የሰመጠ ግማሽ ክብ፦ ኪው ፋራድ አይደለም

ጥያቄው እንዲህ ይላል፦ «1 ሴንቲ ሜትር ካሬ ስፋት ያለው፣ በደንብ የተወለወለ የብረት ኤሌክትሮድ ኢምፒዳንስ (ለተለዋዋጭ ኤሌክትሪክ ያለውን ተቃውሞ) ጨው ውሃ ውስጥ ለካሁ። ናይኩዊስቱ (የኢምፒዳንሱ ሪያልና ኢማጂነሪ ክፍሎች የሚሳሉበት ግራፍ) ላይ የወጣው ግማሽ ክብ ወደ ታች ሰመጥ ብሏል። በካፓሲተር ፋንታ ሲፒኢ (ኮንስታንት ፌዝ ኤለመንት፣ ፍጹም ያልሆነን ካፓሲተር የሚወክል የሞዴል ክፍል) ሳስገባ ሞዴሉ ገጠመልኝ። የሲፒኢው መጠን ኪው 100 ማይክሮ፣ ወደ ፍጹም ካፓሲተር መቅረቡን የሚያሳየው ኤን 0.85፣ የሶሉሽኑ ሬዚስታንስ 10 ኦም፣ የገጹ (ብረቱና ውሃው የሚገናኙበት) 1000 ኦም ነው። ካፓሲታንሱ 100 ማይክሮ ፋራድ ነው ማለት እችላለሁ?»

አይበሉ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህች ጋ ነው። ኪው በፋራድ የሚለካው ኤን ልክ 1 ሲሆን ብቻ ነው። ከዚያ ውጭ መለኪያው ራሱ ከኤን ጋር ይቀያየራል። ስለዚህ ኤናቸው የተለያየ ሁለት ናሙናዎችን በኪው ማወዳደር ኪሎን ከሜትር ጋር እንደ ማወዳደር ነው።

እስቲ በራስዎ ቁጥር እንሥራው። ብሩግና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1984 ያወጡት ቀመር ይህ ነው (ሲ ካፓሲታንሱ ነው፤ «የሶሉሽኑ» እና «የገጹ» ሬዚስታንሶቹ ናቸው)፦

ሲ = ኪው^(1/ኤን) × (1/የሶሉሽኑ + 1/የገጹ)^((ኤን−1)/ኤን)

ሲሰላ 30 ማይክሮ ፋራድ ገደማ ይመጣል። ሁሱና ማንስፌልድ በ2001 ያቀረቡት ደግሞ ሌላ ነው፦

ሲ = ኪው^(1/ኤን) × የገጹ^((1−ኤን)/ኤን)

በዚህኛው 67 ገደማ ይወጣል። ዳታው አንድ፣ መልሱ ከእጥፍ በላይ የተራራቀ! ታዲያ የቱን ልያዝ ካሉ፣ ወጣ ገባነቱ (ካፓሲተሩን ፍጹም እንዳይሆን ያደረገው አለመመሳሰል) የት እንዳለ ይጠይቁ። በገጹ ላይ ከቦታ ቦታ የሚለያይ ከሆነ የብሩግን ይያዙ። በኦክሳይድ ወይም በቀለም ሽፋን ውስጥ፣ በውፍረቱ አቅጣጫ ከሆነ ሁለተኛውን ይጠቀሙ፤ ያኔ የሚገባው ሬዚስታንስ የሽፋኑ መሆን አለበት። የእርስዎ ባዶ ብረት ስለሆነ እኔ 30ውን እወስዳለሁ። በባዶ ብረት ላይ ብዙ ጊዜ ከሚታየው፣ በካሬ ሴንቲ ሜትር ከ10 እስከ 40 ማይክሮ ፋራድ ከሚሆነው ጋርም ይስማማል።

ሌላም ወጥመድ አለ። ቦዴው (ፌዙ ከፍሪኩዌንሲ ጋር የሚሳልበት ግራፍ) ላይ የፌዙን (በቮልቴጁና በከረንቱ መካከል ያለውን የአንግል ልዩነት) ጫፍ አይተው ኤንን በቀጥታ አያንብቡ። በእርስዎ ቁጥሮች ጫፉ 66 ዲግሪ አካባቢ ላይ ይቀራል። ለ90 ሲያካፍሉት 0.73 ይሰጥዎታል፤ ስህተት ነው። ጫፉን ዝቅ ያደረገው ያ 10 ኦም ነው። መጀመሪያ ከዳታው ይቀንሱትና ፌዙን እንደገና ይሳሉ። ከፍተኛው ፍሪኩዌንሲ ላይ ወደ 76.5 ዲግሪ (0.85 × 90) ሄዶ ይረጋል።

እኔ ግን ከሁሉ በፊት የምስለው ኢማጂነሪውን ክፍል ነው፤ ሁለቱም አክሲስ በሎግ። የሶሉሽኑ ሬዚስታንስ እዚያ ውስጥ አይገባም። ከፍተኛው ፍሪኩዌንሲ ላይ ቀጥ ያለ መስመር ካገኙና ቁልቁለቱ 0.85 ከሆነ ሲፒኢው ትክክለኛ ቦታው ላይ ነው። መስመሩ ከጎበጠ ወይም ከተሰበረ፣ ሶፍትዌሩ «ገጠመ» ቢልም አልቀበለውም።

ዳታውንም ይፈትሹ። ቮልቴጁን ከ10 ወደ 5 ሚሊ ቮልት አውርደው ይድገሙት፤ ኢምፒዳንሱ መለወጥ የለበትም። ክሬመርስ-ክሮኒግንም (ዳታው እርስ በርሱ መጣጣሙን የሚያይ ሙከራ) ያስሩጡ። ብረቱ እየዛገ ስለሚሄድ በዝቅተኛው ፍሪኩዌንሲ ያሉት ነጥቦች ቶሎ ይበላሻሉ።

ኤን ወደ 0.5 ከተጠጋ ግን ነገሩ ሌላ ነው፤ ዲፊውዥን (የንጥረ ነገሮች በውሃው ውስጥ መሰራጨት) ወይም ቀዳዳ የበዛበት ገጽ ሊሆን ይችላል። ያኔ ወደ ፋራድ ለመለወጥ አይድከሙ። ለዚያ የሚሆን ሌላ ሞዴል ያስገቡ።