ውሉን ያየ ይናገር፦ ስለ ብድር፣ ወደብና ጦር ሰፈር ጥያቄና መልስ

ጋሽ አንቀጽ፦ እሺ፣ ጀመርን። ስሙን ያወጣችሁልኝ እናንተ ናችሁ፣ ተቀብያለሁ። ዕድሜዬን የብድርና የወደብ ውል ሳገላብጥ ነው የጨረስኩት። ቻይና፣ አሜሪካ፣ ኤምሬትስ፣ ሩሲያ፣ ፈረንሳይ አፍሪካ ውስጥ ምን እንደሚፈራረሙ ጠይቁኝ። “ማን ይሻላል?” ለሚል ግን መልስ የለኝም። ዓመቶቹ ካልተናገርኩ በቀር በፈረንጆች ናቸው።

ተማሪዋ፦ ጋሼ፣ ኡጋንዳ ብድር መክፈል አቅቷት ቻይና የኢንቴቤን አየር ማረፊያ ወሰደች ይባላል። እውነት ነው?

ጋሽ አንቀጽ፦ አልወሰደችም። ግን ጥያቄሽ ጥሩ ነው፣ ረጋ ብለሽ አንብቢኝ። ኡጋንዳ ማረፊያውን ለማስፋፋት በ2015 ኤግዚም ባንክ ከሚባለው የቻይና መንግሥት ባንክ 200 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ተበደረች። በ2021 መጨረሻ “ሊወረስ ነው” የሚለው ወሬ ዓለምን አዳረሰ። በዓመቱ ኤይድዳታ የተባለ የአሜሪካ የምርምር ተቋም የውሉን ቅጂ አግኝቶ ይፋ አደረገው። አየር ማረፊያው መያዣ አልነበረም።

ታዲያ አበዳሪው በባዶ እጁ ነበር? የለም። የማረፊያው ገቢ ከሌላው ወጪ ሁሉ በፊት ብድሩን እንዲከፍል ተስማምተዋል። ለዋስትና የሚሆን ጥሬ ገንዘብም ባንክ ይቀመጣል። እስቲ አስቢው፣ ማኮብኮቢያ ለአበዳሪ ምን ያደርግለታል? ጠቅልሎ አገሩ አይወስደው። ገንዘቡ የሚገባበትን ሂሳብ ከያዘ ግን ሌላው ምን ያደርግለታል?

ያው ተቋም ከሌሎች ተመራማሪዎች ጋር ሆኖ ቻይና ከ24 አገሮች ጋር የተዋዋለቻቸውን 100 የብድር ውሎች በ2021 መርምሯል። ከመቶው ሲሶ የሚጠጉት እንዲህ ያለ ልዩ ሂሳብ አላቸው። ብዙዎቹ ደግሞ ተበዳሪው ውሉን ለማንም እንዳያሳይ ያስሩታል። የራሱ ሕዝብም “ማንም” ውስጥ ገብቷል። ለዚህ ነው ሁሌ የምለው፦ ውሉን ሳታዩ አትማሉ።

አባ ጥርጥር፦ ስለዚህ የቻይና የዕዳ ወጥመድ የሚባል የለም እያሉን ነው? ቻይና የተከራየችው የሃምባንቶታ ወደብስ?

ጋሽ አንቀጽ፦ ሃምባንቶታ ስሪላንካ ነው። ርዕሳችን አፍሪካ ነው። ቀጣይ።

ነጋዴው፦ አባ ጥርጥር ሁሌ ቻይና ቻይና ይላል። ምዕራቡ በነጻ ነው እንዴ የሚያበድረው?

አባ ጥርጥር፦ ቢያንስ የምዕራቡ ውል ይታያል።

ጋሽ አንቀጽ፦ ይታያል? የቻድን ጉዳይ ሰምተሃል? ቻድ ነዳጇን አስይዛ ከግሌንኮር ተበደረች፤ ከ1 ቢሊዮን ዶላር በላይ። ግሌንኮር የስዊዘርላንድ የንግድ ኩባንያ ነው፣ የቻይና አይደለም። የሚከፈለው በነዳጅ ነው። የነዳጅ ዋጋ ሲወድቅ ዕዳው አገሪቱን አነቃት፣ ደጋግማ ለድርድር ተቀመጠች።

ደግሞ ይሄን ያዙ። ዛምቢያ በኅዳር 2020 ያልከፈለችው 42.5 ሚሊዮን ዶላር የዩሮቦንድ፣ ማለትም ለውጭ ባለገንዘቦች የተሸጠ የዕዳ ሰነድ፣ ወለድ ነበር። እኛም በታኅሣሥ 2023 ያልከፈልነው 33 ሚሊዮን ዶላር እንደዚሁ የቦንድ ወለድ ነው። ቦንዱን የያዙት የግል ባለገንዘቦች ናቸው፣ መንግሥት አይደሉም። ነጋዴው ግን ቶሎ አትደሰት። ዛምቢያ በ2023 ከመንግሥታት ጋር ካስተካከለችው 6.3 ቢሊዮን ዶላር ውስጥ 4.1 ቢሊዮን ገደማው የቻይና ኤግዚም ባንክ ነበር። “ሳይቸግር ጤፍ ብድር” ይባላል፤ እዚህስ ቸግሮም ነው። ችግር ላይ ያለ ሰው ደግሞ ውል በደንብ አያነብም።

እንግዳ፦ አፍሪካ ግን መቼ ነው ነጻ የምትወጣው?

ጋሽ አንቀጽ፦ የትኛዋ አገር? ከምን? ቀጣይ።

ቀይ ባሕር፦ ጅቡቲ ለምንድን ነው ለሁሉም ጦር ሰፈር የምታከራየው? አትፈራም?

ጋሽ አንቀጽ፦ ቦታዋን ስለምታውቅ ነዋ። ባብ ኤል መንደብ አፍ ላይ ተቀምጣለች፣ መርከቡ ሁሉ በደጇ ያልፋል። ጅቡቲ በ1977 ነጻነቷን ስታገኝም ፈረንሳይ አልወጣችም። አሜሪካ ሌሞኒዬ ሰፈርን በ2014 ለ20 ዓመት አደሰች፣ ኪራዩም በዓመት 63 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ተባለ። ጃፓን በ2011 ገባች፣ ጣልያንም ተከተለች። ቻይና በ2017 ከአገሯ ውጪ የመጀመሪያውን ሰፈሯን የከፈተችው እዚያው ነው። ጎረቤት ሆነው ይተያያሉ። ለአከራይ ከዚህ የተሻለ ምን አለ? ሁሉም ስላለ አንዱ ብቻውን አይደፍራትም።

እኔን የሚስበኝ ግን ጦር ሰፈሩ አይደለም። ዶራሌ ነው። ጅቡቲ በ2006 የዶራሌን የኮንቴይነር ተርሚናል ለዱባዩ ዲፒ ወርልድ ለ30 ዓመት ሰጠች። እያደር ውሉ ቆረቆራት። በየካቲት 2018 ነጠቀችው። ሰዉ “ሉዓላዊነት!” ብሎ አጨበጨበ። ዲፒ ወርልድ ግን በጩኸት አልቆመም። ለንደን ሄዶ ለግልግል ፍርድ ቤት አመለከተ፣ ተፈረደለትም። በ2019 ብቻ ጅቡቲ ለተርሚናሉ ኩባንያ 385 ሚሊዮን ዶላር እንድትከፍል ተወሰነ። ዳኝነቱ የት እንደሚሆን 2006 ላይ ተጽፎ አልቋል። ስትፈርሙ ያላያችሁት መስመር ከ12 ዓመት በኋላ ደጃችሁን ያንኳኳል። ለዚህ ነው ውሉን ሳታዩ...

ቀይ ባሕር፦ ...አትማሉ። ገባን ጋሼ።

ጋሽ አንቀጽ፦ አልገባችሁም፣ ገና ብዙ ትጠይቁኛላችሁ።

እንግዳ፦ ኬንያስ? ሞምባሳ ወደብን ለቻይና አስይዛለች ይባላል።

ጋሽ አንቀጽ፦ ወንድሜ፣ ስለ ኢንቴቤ የጻፍኩትን አነበብክ? አንብብና ተመለስ። አንድ ነገር ግን ልጨምርልህ። ኬንያ ከቻይና የተበደረችበትን የሞምባሳ–ናይሮቢ ባቡር ብድር ውሎች ከፊሉን በ2022 ይፋ አድርጋለች። የሚገዛቸው የቻይና ሕግ ነው፣ ጠብ ቢነሳ የሚዳኘው ቤጂንግ ነው። “ወደቡ ተያዘ?” ብለህ ከምትጠይቅ “የት እንካሰሳለን?” በል።

ቀይ ባሕር፦ የሚያኮራው ሳህል ነው። ማሊ፣ ቡርኪናና ኒጀር ፈረንሳይን አባረሩ። እኛ ወረቀት እናነባለን፣ እነሱ ሠሩት።

አባ ጥርጥር፦ አባረው ሩሲያን አስገቡ። ከድጡ ወደ ማጡ።

ነጋዴው፦ ቢያንስ ሩሲያ ቅኝ አልገዛቻቸውም።

አባ ጥርጥር፦ ይሄ መልስ ነው? ቅኝ ያልገዛ ሁሉ ወዳጅ ከሆነ ለማንም በር ክፈት።

ቀይ ባሕር፦ አንተ ደግሞ የተለወጠ ነገር ሁሉ ያመሃል።

ተማሪዋ፦ ወንድሞች፣ ጥያቄ የነበረኝ እኮ እኔ ነበርኩ።

ጋሽ አንቀጽ፦ ተዉ እንጂ። ስለ ውጊያው አትጠይቁኝ፣ ወታደር አይደለሁም። የማውቀውን ልበል። የፈረንሳይ ጦር ከማሊ በ2022፣ ከቡርኪና ፋሶና ከኒጀር በ2023፣ ከቻድ በጥር 2025 ወጣ። ኒጀር በመጋቢት 2024 ከአሜሪካ ጋር የነበራትን ወታደራዊ ስምምነት በአንድ መግለጫ ሻረች። አሜሪካም ከ100 ሚሊዮን ዶላር በላይ ያፈሰሰችበትን የአጋዴዝ የድሮን ሰፈር በነሐሴ አስረክባ ሄደች። አያችሁ? ጦር በመግለጫ ይወጣል። ዶራሌን ግን በመግለጫ ሞክሩት።

ሩሲያም ብትሆን ውል አላት። መካከለኛው አፍሪካ ሪፐብሊክ ውስጥ ንዳሲማ የሚባል የወርቅ ማዕድን አለ። ፈቃዱ ከአንድ የካናዳ ኩባንያ ተነጥቆ ዋግነር ከሚባለው የሩሲያ ቅጥረኛ ጦር ጋር ለተሳሰረ ኩባንያ ተሰጠ። ዋግነር ፕሬዚዳንቱን ሲጠብቅ ደመወዙን ከየት የሚያገኝ መሰላችሁ? ጥበቃው በቴሌቪዥን ይታያል። የማዕድኑ ፈቃድ አይታይም።

አባ ጥርጥር፦ እኔ ያልኩት ይሄንኑ ነው።

ጋሽ አንቀጽ፦ አይደለም። አንተ ያልከው ምዕራቡ ይሻላል ነው። ቀጣይ።

ነጋዴው፦ ቱርክስ? ሶማሊያ ውስጥ?

ጋሽ አንቀጽ፦ በ2017 ሞቃዲሾ ላይ ማሠልጠኛ ሰፈር፣ በ2024 የባሕር መከላከያ ስምምነት። ስለሱ ሌላ ቀን።

ተማሪዋ፦ ጋሼ፣ የጥያቄዬ ተራ ደረሰ መሰለኝ። ይሄ ሁሉ ከውጫሌ ውል በምን ይለያል? አንቀጽ 17ን ትምህርት ቤት ተምረናል።

ጋሽ አንቀጽ፦ እሰይ! ይሄን ስጠብቅ ነው የዋልኩት። አንቀጽ 17ን ሁሉም ያውቃል። የአማርኛው ምኒልክ ከሌሎች መንግሥታት ጋር በኢጣልያ በኩል መላላክ “ይቻላቸዋል” ይላል፣ የጣልያንኛው ግዴታ አደረገው። ተምረናል፣ አኩርፈናል፣ አድዋ ዘምተናል። አንቀጽ 19ንስ ማን ያውቀዋል? ውሉ በሁለት ቋንቋ መጻፉን፣ ሁለቱ ትርጉሞች ፍጹም መስማማታቸውን፣ ሁለቱም እኩል መጽናታቸውን የሚናገረው እሱ ነው። በ1881 ዓ.ም. ሲፈረም ሁለቱ ጽሑፎች አልተስማሙም። ውሉ ግን ተስማምተዋል ብሎ ደምድሟል! የትኛው ቋንቋ ይበልጣል የሚል መስመር ቢኖር ጠቡ ሌላ መልክ ይይዝ ነበር። ዛሬ ውል ስይዝ መጀመሪያ የምገልጠው የመጨረሻውን ገጽ ነው። ቋንቋው፣ ሕጉ፣ ዳኛው እዚያ ነው የሚገኙት።

ነጋዴው፦ “ይቻላቸዋል” ግን በድሮ አማርኛ “ይገባቸዋል” ማለትም ሊሆን አይችልም?

አባ ጥርጥር፦ አይችልም። ሰዋስው አታበላሽ።

ነጋዴው፦ አንተ የሰዋስው መምህር ነህ?

ጋሽ አንቀጽ፦ ሰዋስው ከሆነ እኔ የለሁበትም። አንድ ጥያቄ ብቻ ቀረ።

ቀይ ባሕር፦ የአዲስ አበባ–ጅቡቲ ባቡር ብድርስ? በ2018 የመክፈያው ዘመን ከ10 ወደ 30 ዓመት ተራዝሟል ተብሏል። ምን ሰጥተን ነው ያራዘሙልን?

ጋሽ አንቀጽ፦ ውሉን አላየሁም። ስለዚህ አልምልም። ያየ ካለ ይጻፍልኝ።