ሜታል ላይ ያረፈች አቶም ኤሌክትሮኑን ምን ታደርገዋለች? ጠይቁኝ

ሰላም ሰዎች፣ አራት ኪሎ ዝናብ ይዞኝ አንድ ካፌ በረንዳ ላይ ቁጭ ብያለሁ፣ እስኪያባራ ድረስ ጠይቁኝ።

ጥ፦ ጋሼ፣ ኤሌክትሮን የሚሄደው ሜታሉ ውስጥ አይደል እንዴ? ላይ ላዩን ምን ይሠራል?

መ፦ አብዛኛው ውስጥ ነው፣ ልክ ነህ። ግን መዳብን 111 በሚባለው የክሪስታሉ ፊት በኩል ብትቆርጠው ላዩ ላይ ብቻ የሚንሸራተቱ ኤሌክትሮኖች ታገኛለህ። ወደ ውጭ እንዳይወጡ ማምለጫ ኢነርጂ የላቸውም፣ ወደ ውስጥ እንዳይገቡ ደግሞ ክሪስታሉ በነሱ ኢነርጂ ቦታ አይሰጣቸውም፣ ስለዚህ እዛው ሜዳ ላይ ይቀራሉ። ፊዚሲስቱ ሾክሌይ እ.ኤ.አ. በ1939 በሒሳብ ያሳየው ዓይነት ነው።

ጥ፦ እና አቶሟ ላይ ሲደርሱ እንደ ኳስ ነጥረው ይመለሳሉ?

መ፦ ኳሱን እርሱት በናታችሁ፣ ኤሌክትሮኑ እዚህ እንደ ሞገድ ነው። ከፊቴ ከጣራው የሚወርደው ውሃ የሚጠራቀምበት ሳፋ አለ፣ የመወልወያ እንጨት ቆሞበታል። ጠብታ ሲወድቅ ሞገዱ ሄዶ እንጨቱን ሲነካ ከእንጨቱ ዙሪያ ሌላ ቀጭን ቀለበት ይነሳል፣ ሂያጁና ተመላሹ ሲደራረቡ ውሃው ይሸበሸባል። አቶሟ እንጨቷ ናት። ልዩነቱ መዳቡ ላይ ያለው ሽብሽብ ስለማይንቀሳቀስ ባለበት ይለካል፣ በአንዱና በሌላው መሃል ያለው ርቀት 1.5 ናኖሜትር አካባቢ ነው (ናኖሜትር የሜትር ቢሊዮንኛ ነው)።

ጥ፦ ይሄን ያየ ሰው አለ ወይስ ቲዎሪ ነው?

መ፦ ኧረ ታይቷል! ክሮሚ፣ ሉትዝና አይግለር የሚባሉ ፊዚሲስቶች እ.ኤ.አ. በ1993 ካሊፎርኒያ በሚገኘው የአይቢኤም ላብ 48 የብረት አቶሞችን አንድ በአንድ እየገፉ መዳብ ላይ ክብ አጥር ሠሩ፣ ከመሃሉ እስከ አጥሩ 7.13 ናኖሜትር፣ ውስጡ ሞገዱ ቀለበት በቀለበት ሆኖ ታየ። ቅዝቃዜው 4 ኬልቪን ነው፣ ማለትም ከዜሮ በታች 269 ዲግሪ፣ ሲሞቅ አቶሞቹ አርፈው አይቀመጡማ።

ጥ፦ አጥር ከሆነ ኤሌክትሮኑ ታሰረ ማለት ነው?

መ፦ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው። አጥሩ ወንፊት ነው። እ.ኤ.አ. በ1994 እነ ክሮሚ ሄለር ከሚባል ፊዚሲስት ጋር ሒሳቡን ሲሠሩት የብረት አቶም ሞገዱን መበተን ብቻ ሳይሆን ትውጠዋለች፣ ብዙው ወደ መዳቡ ሆድ ይሰምጣል። ለኔ ከቀለበቶቹ ፎቶ ይልቅ የሚገርመው ይሄ ነው፣ ፎቶው ግን ያምራልና ሰው እሱን ብቻ ያጋራል።

ጥ፦ ለኛ ምን ይጠቅመናል? የቤቴ ሽቦ ላይ አቧራ ቢያርፍ መብራት ይቀንሳል?

መ፦ ሃሃ አይቀንስም፣ መብራት የሚጠፋበት ሌላ ምክንያት ሞልቷል። መዳብ ውስጥ ኤሌክትሮን በክፍል ሙቀት ሳይጋጭ የሚሄደው 40 ናኖሜትር ገደማ ነው፣ የቤትህ ሽቦ ከዚህ እጅግ ወፍራም ስለሆነ ላዩ ላይ ያለው ነገር ግድ አይሰጠውም። ሜታሉ እንደዛ ሲሳሳ ነው ጉዱ፣ የጋዝ ሞለኪውል መጥቶ ሲለጠፍበት ሬዚስታንሱ (ኤሌክትሪክ እንዳያልፍ መከልከሉ) በሚለካ ደረጃ ይጨምራል። ቺፕ ውስጥ ያሉት ሽቦዎች እዚህ መጠን ላይ ደርሰዋል።

ጥ፦ ሳፋውን ፎቶ አንስተህ ላክልን

መ፦ አስተናጋጇ አሁን ደፍታው ገባች 😂