ልጆች ቤት ሲውሉ ሹራቡ መቼ ይሠራ? የክረምት ጥያቄዎችና መልሶች

ትምህርት ቤት ሲዘጋ የሚደርሱን ጥያቄዎች ይመሳሰላሉ። ክሩ ተገዝቷል፣ ብርዱ ገብቷል፣ እጅ ግን አልተፈታም። ለዚህ ጊዜ ስድስቱን መርጠናል።

ለስድስት ዓመቷ ልጄ ለእንቁጣጣሽ ሹራብ ላደርስላት አስቤያለሁ። አምናም ጀምሬ ያለቀው ጥቅምት ላይ ነው። ሦስት ልጆች ቤት እየዋሉ ከመቼ ብጀምር ይደርሳል? (ከደብረ ብርሃን)

መጀመሪያ ይቁጠሩ። የልጅቷ ደረት ዙሪያ 60 ሴንቲ ሜትር ከሆነ፣ ከውስጥ ልብስ ስለሚደረብበት 10 ይጨምሩና 70 ይበሉ። በመካከለኛ ውፍረት ክር በ10 ሴንቲ ሜትር ውስጥ 20 ዐይን (መርፌው ላይ የሚሠራ የክር ቀለበት) ከገባልዎ፣ ፊትና ጀርባው እያንዳንዳቸው 70 ዐይን ይሆናሉ። ቁመቱ 38 ሴንቲ ሜትር ቢሆን 106 ረድፍ ያህል ነው። ሁለቱ ሲደመሩ 14,840 ዐይን። እጅጌው በአማካይ 46 ዐይን በ84 ረድፍ፣ ለሁለቱ 7,728። ድምሩ 22,500 ገደማ ነው።

አሁን ፍጥነትዎን ይለኩ፤ ልጆቹ ዙሪያዎን እየተሯሯጡ እንጂ ሁሉ ሲተኛ አይደለም። በ10 ደቂቃ 200 ዐይን ከሠሩ በደቂቃ 20 ነው፤ ሥራው 19 ሰዓት ይወስዳል። ለአንገቱና ለመገጣጠሚያው ሦስት ሰዓት ተኩል ያህል ይጨምሩ። በቀን ግማሽ ሰዓት ካገኙ 45 የሥራ ቀን ያስፈልግዎታል። ከሐምሌ 1 እስከ ነሐሴ 30 ያለው 60 ቀን ነው። እሑዶቹና መርፌ የማይነኩባቸው በዓላት 15 ያህል ቢወስዱ 45ቱ ይቀራል። ጳጉሜን ለማጠቢያና ለማድረቂያ ይተውት። የሚያከብሯቸው በዓላት ከዚህ ከበዙ የዕለቱን ጊዜ ወደ 40 ደቂቃ ያሳድጉ። አምና ያዘገየዎት ስንፍና ሳይሆን እነዚህን ቀኖች ከሂሳቡ አለመቀነስ ሳይሆን አይቀርም።

አንዱን እጅጌ ያስቀድሙ። በትንሽ ዘንቢል ይገባል፣ ጎረቤት ቡና ሲጠሩም ይያዛል፤ ከሁሉ በላይ ደግሞ እጅዎ መላላቱን ወይም መጥበቁን ቀድሞ ይነግርዎታል። በ10 ሴንቲ ሜትር 20 ሳይሆን 18 ዐይን ከገባ፣ 140ው ዐይን 70 መሆኑ ቀርቶ 78 ሴንቲ ሜትር ይወጣዋል። ይህን በእጅጌው ላይ ቢያውቁት የሚፈታው ጥቂት ነው። ነሐሴ አጋማሽ ላይ ግማሽ ካልደረሱ ሁለተኛውን እጅጌ ይተውና ሰደርያ ያድርጉት፤ ሦስት ሰዓት ያህል ይተርፍዎታል። እጅጌው በጥቅምት ውርጭ ሊቀጠል ይችላል፣ ልጅቷም በበዓሉ ባዶዋን አትቀርም።

ክሩን ግን በአንድ ቀን፣ በአንድ የቀለም ቁጥር ይግዙ። ለዚህ ልክ 350 ግራም ቢይዙ አያስጨንቅም። ቁጥሩ የተለያየ ክር ከገጠመዎት በየሁለት ረድፉ ከሁለቱ ድውር እያፈራረቁ ይሥሩ፤ ያለዚያ የቀለሙ ልዩነት ደረት ላይ እንደ መቀነት ይታያል።

በተጠራሁ ቁጥር መሀል ላይ አቆማለሁ። ስመለስ አንዳንዴ ቀዳዳ ይወጣል፣ የረድፉም ቁጥር ይጠፋብኛል። (ከአንኮበር)

ቀዳዳው የሚመጣው በተሳሳተ አቅጣጫ ስለሚቀጥሉ ነው። መሀል ረድፍ ላይ ካቆሙ፣ ሲመለሱ ከድውሩ የሚመጣው ክር በቀኝ እጅ ካለው መርፌ ላይ መውጣት አለበት። ከግራው ከወጣ ሥራው ተገልብጦብዎታል፤ በዚያው ከቀጠሉ የረድፉ ግማሽ ሁለት ረድፍ ይረዝማል፣ መጋጠሚያውም ይከፈታል። በግራ እጅ የሚሠሩ ከሆነ ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው።

ለቁጥሩ፣ በየ10 ረድፉ ጠርዝ ላይ ሌላ ቀለም ያለው ብጣሽ ክር ይሰሩ። ወረቀት በልጆች እጅ አይቆይም፣ ክሩ ግን ከሥራው አይለይም። የመርፌውን ጫፍ የቆሎ ያህል ቁራጭ ቡሽ ይሰኩበት፤ ዐይን አያመልጥም፣ ሕፃንም አይወጋም። ከሳምንት በላይ የሚተዉት ከሆነ ዐይኖቹን በሙሉ በጥጥ ክር ላይ ያሳልፉና መርፌውን ያውጡ። መርፌ ላይ የከረመ ረድፍ ተወጥሮ መስመር ያወጣል፤ ሲመለሱ እሱን አንድ ረድፍ ፈትተው ይቀጥሉ።

እናቴ በእንዝርት የፈተለችው የመንዝ በግ ጠጉር አለኝ። ለሕፃን ሹራብ ይሆናል? ባለፈው ኮፍያ ብሠራ ወደ አንድ ጎን ዞረብኝ። (ከመሀል ሜዳ)

ለሕፃን አይሆንም። የመንዝ በግ ጠጉር ሸካራ ነው፤ ለባና እና ለበርኖስ የሚያስመርጠው ጥንካሬው የሕፃን አንገት ይኮሰኩሳል። ጥርጣሬ ካለዎት ከክሩ አንድ ጥቅል አንገትዎ ሥር፣ ልብስ ውስጥ አድርገው ግማሽ ሰዓት ይቆዩ። ከሸሚዝ በላይ ለሚለበስ ሰደርያ፣ ለወፍራም ካልሲ፣ ከውስጥ የጥጥ ገበር ለተሰፋለት ኮፍያ ግን ከገበያው ክር የሚበልጥበት ጊዜ አለ፤ ካፊያ ቶሎ አያሳልፍም፣ እርጥብ ሆኖም ይሞቃል።

ኮፍያው የዞረው ክሩ ነጠላ ስለሆነ ነው። በአንድ አቅጣጫ ብቻ የተጠመዘዘ ክር ሹራብ ሆኖም ያንን ጥምዘት ሊፈታ ይታገላል፣ ሥራውንም ይዞት ያዘነብላል። መድኃኒቱ መግመድ ነው። ሁለት ድውር ወስደው፣ እንዝርቱን ሲፈተል ከዞረበት በተቃራኒ እያሽከረከሩ አንድ ላይ ይግመዱት። ከተገመደው ግማሽ ሜትር ያህሉን በሁለት እጅ ይዘው አርግበው ያንጠልጥሉት። እንደ ሐብል ጎብጦ ከተንጠለጠለ ልኩ ነው። እርስ በርሱ ከተጠመጠመ ግን፣ በግምዱ አቅጣጫ ከሆነ ግምዱ አንሶታል፣ በመጀመሪያው ፍትል አቅጣጫ ከሆነ በዝቶበታል። ከዚያ በላላ ጥቅል አድርገው ለብ ባለ ውሃ ውስጥ ግማሽ ሰዓት ይዘፍዝፉትና ከሥሩ ትንሽ ክብደት አንጠልጥለው ያድርቁት።

ስብና ጉድፍ ካለበት የሞቀ ውሃና ፈሳሽ ሳሙና ይበቃዋል፤ አይሹት። ሙቀት፣ ሳሙናና ማሸት ሲገናኙ የጠጉሩ ቅርፊቶች እርስ በርስ ተቆላልፈው ወደ ጥቅጥቅ ጨርቅ ይለወጣል፣ አይመለስም። የሚያለቀልቁበት ውሃም የመታጠቢያውን ያህል ሙቀት ይኑረው፤ ከሙቅ ወደ በረዶ ውሃ መክተትም ያኮማትረዋል።

ጊዜን በተመለከተ፣ መፍተልና መግመድ ከሹራቡ ሥራ ይልቅ ለክረምት ይመቻል። ቁጥር የለውም፣ የትም ላይ ይቆማል፣ ልጆችን እየተቆጣጠሩም ይሠራል።

ሐምሌ ውስጥ የታጠበ የሱፍ ሹራብ እንዴት ይደርቃል? አራት ቀን ቆይቶ ሸተተብኝ። (ከደብረ ብርሃን)

ውሃው ሳይወጣለት ስለተሰጣ ነው። አይጠምዝዙት። በደረቅ ፎጣ ላይ ዘርግተው አብረው ይጠቅልሉና ይቁሙበት፤ ፎጣ ቀይረው ይድገሙ። ገመድ ላይ አይስቀሉት፣ በውሃው ክብደት እጅጌው እስከ ጉልበት ይወርዳል። ጠፍር አልጋ ካለ ከላዩ ስስ ጨርቅ አንጥፈው ይዘርጉት፤ ከሥር አየር ስለሚያገኝ ደህና ይደርቃል። ጠዋትና ማታ ይገልብጡት። ጭስ ካለበት ቤት ያርቁት፣ ሱፍ ሽታ ይይዛል። ክሩ ሰው ሠራሽ ከሆነ ለማፍጠን ብለው ካውያ ወይም ከሰል አያስጠጉት፤ አንዴ ከተለጠጠና ከለሰለሰ ቅርጹ አይመለስም።

የስምንት ዓመት ልጄ ልማር ብሎ ይዞኛል። በ15 ዐይን ጀመርኩለት፣ አሁን 22 ሆኗል! (ከአረርቲ)

ረድፍ ሲጀምር ክሩን ከመርፌው በላይ አሻግሮ ወደ ኋላ ይስበዋል። ያኔ የመጀመሪያው ዐይን ተስቦ ሁለት እግሩ ይታይና ልጁ እንደ ሁለት ዐይን ይሠራዋል። ረድፉን ከመጀመሩ በፊት ክሩን ወደ ታች አውርዶ፣ ከመርፌው ሥር ወደ ኋላ ይውሰደው። በየሁለት ረድፉ አብሮዎት ይቁጠር።

ከጃንጥላ ሽቦ የሚሠራው መርፌ ለጀማሪ ቀጭን ነው። 5 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ቀርቀሃ ጫፉን አሹለው በብርጭቆ ወረቀት ያለስልሱለት፤ ቀርቀሃ ዐይን ቶሎ አያንሸራትትም። ክሩ ፈዘዝ ያለ፣ አንድ ቀለም ይሁን። ጥቁር ክር ለልጅም ለማታ ሥራም አይሆንም፤ መብራት በሚጠፋበት ሰሞን እርስዎም ቢሆኑ ጥቁሩን ለቀን ያቆዩት፣ ሲሠሩም ጭንዎ ላይ ነጭ ጨርቅ ያንጥፉ።

ነሐሴ ላይ ከልጆቼ ጋር ሸዋ ሮቢት ዘመድ ቤት እንከርማለን። ሹራቡን ይዤ ልሂድ? (ከደብረ ብርሃን)

ይተዉት። ሸዋ ሮቢት ሙቀት ነው፤ ግማሽ የደረሰ ሹራብ ጭን ላይ መሸከም ያስጨንቃል፣ ላብ የነካው ክርም መርፌ ላይ አይንሸራተትም። በምትኩ የኪሮሽ መርፌና የጥጥ ክር ይያዙ። ዳንቴል ላይ በማንኛውም ሰዓት የሚከፈተው አንድ ዐይን ብቻ ነው፤ እሱን ጎትተው አስረዝመው ቢያስቀምጡ ልጅ ቢጎትተውም የሚጠፋው ትንሽ ነው። መኪና ውስጥ ከጀመሩ ጣርማበር ሳይደርሱ ያስቀምጡት። ከጣርማበር የመንገድ ዋሻ በኋላ እስከ ደብረ ሲና ያለው ቁልቁለት ጥምዝምዝ ነው፣ እዚያ የተቆጠረ ረድፍ ሁሉ እንደገና ይቆጠራል።