«ፕሮግራሙ አንድ፣ ማሽኑ ሌላ»

ጥያቄ፦ ሰላም ጋሼ፣ እንደምን ከረሙ? የምኖረው ሐዋሳ፣ አቶቴ ነው። ከጓደኞቼ ጋር የቼስ ፕሮግራም እየጫንን ኮምፒውተሮቻችንን እናጋጥማለን። እኛ ቁጭ ብለን ማየት ብቻ ነው። የእኔ ባለ 2 ኮር (ኮር ማለት የፕሮሰሰሩ አሳቢ ክፍል ነው) አሮጌ ላፕቶፕ ናት። ባለፈው አንዱ ከወንድሙ ቢሮ ባለ 16 ኮር ዴስክቶፕ በባጃጅ ጭኖ መጣና ሁላችንንም ጠራርጎ በላን። ፕሮግራሙ የሁላችንም ስቶክፊሽ ነው! «ብትችል አንተም አምጣ» ይለኛል። ይሄ ፍትሐዊ ነው?

መልስ፦ አላጭበረበረም። ሕጋችሁ ስለ ማሽን ዝም ብሏል፣ እሱም ቀዳዳዋን አየ። ግን ፕሮግራሙ አንድ ከሆነ ምኑን አሸነፈ? የወንድሙ ቢሮ ጥሩ ዕቃ እንደሚገዛ አሳየ፣ በቃ።

ክርክሩ የቆየ ነው። በዓለም የኮምፒውተር ቼስ ሻምፒዮና ሁሉም የቻለውን ማሽን ይዞ ይቀርብ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2009 ፓምፕሎና ላይ አዘጋጆቹ ከ8 ኮር በላይ ከለከሉ። በ2017 ደግሞ የጉግሉ ዲፕማይንድ ፕሮግራም አልፋዜሮ ስቶክፊሽን በ100 ጨዋታ 28 ጊዜ ረትቶ 72ቱን አቻ ወጣ። እሱ የሚሮጠው በጉግል ልዩ ቺፖች ነበር። ስቶክፊሽ በተለመደ ፕሮሰሰር፣ ያውም 1 ጊጋባይት ሜሞሪ ብቻ ተሰጥቶት። ያኔም እንዳንተ የጮኸ ብዙ ነው።

ትልቅ ማሽን ሁሌ ያሸንፋል ማለት አይደለም። በ1995 ሆንግ ኮንግ ላይ ፍሪትዝ የተባለው ፕሮግራም በተራ ፔንቲየም ኮምፒውተር የአይቢኤምን የቼስ ማሽን፣ የዲፕ ብሉን የሙከራ ቅጂ አሸንፎ ዋንጫውን ወስዷል። (ይቺን ለጓደኛህ ንገርልኝ።) ግን ያኔ ፕሮግራሞቹ የተለያዩ ነበሩ፣ የእናንተ አንድ ነው።

የኔ ምክር፣ ዴስክቶፑን ደግሞ ያምጣው፣ ሁላችሁም እሱ ላይ ተጫወቱ። ለሁሉም እኩል ኮር፣ እኩል ራም። በተጋጣሚ ተራ ማሰብን አጥፉ፤ አለዚያ ተራው ያልሆነው ፕሮግራም የሌላውን ፕሮሰሰር ይሻማል። እያንዳንዱን መክፈቻ (የጨዋታውን የመጀመሪያ እርምጃዎች) ነጭና ጥቁር እየተቀያየራችሁ ሁለቴ ተጫወቱ። ፕሮግራም ደግሞ ለየብቻ ምረጡ፤ ስቶክፊሽን ከስቶክፊሽ ማጋጠም ምን ይረባል? ሊላ የሚባለውን የቼስ ፕሮግራም ግን ተዉት። ያለ ጥሩ ግራፊክስ ካርድ ትንፋሽ ያጥረዋል፣ ሌላ ጭቅጭቅ ትጀምራላችሁ።

«በየራሳችን ማሽን» ካላችሁ ደግሞ ሰዓቱን አበላልጡ። ስቶክፊሽን ክፈትና «ቤንች» (bench) የሚለውን የፍጥነት መለኪያ ትእዛዝ ከማሽኑ ኮሮች ቁጥር ጋር ስጠው (ለአንተ bench 16 2፣ ለእሱ bench 16 16፤ ቁጥሩ ከሌለ በአንድ ኮር ብቻ ይለካል)፣ በሴኮንድ ስንት አቋም እንደሚያይ ይነግርሃል። የእሱ 6 እጥፍ ከፈጠነ፣ አንተ 30 ደቂቃ፣ እሱ 5።

ላፕቶፕህን አልጋ ላይ አታስቀምጣት። ብርድ ልብሱ የአየር ማስወጫዋን ይደፍናል፣ ስትግል ራሷን ታዘገያለች፤ በሐዋሳ ቀትር ደግሞ አስበው። ቻርጀሯንም ሰካ፣ በባትሪ ብዙዎቹ ይደክማሉ።

መብራት ቢሄድስ? ይሄንንም አስቀድማችሁ ጻፉት። ዴስክቶፕ ባትሪ የለውም፤ ያኔ «ፍትሕ የለም» የሚለው እሱ ነው።