መገናኘት የማይሻ ሕዝብ ፈቃዱን እንዴት ይሰጣል?

ጥያቄ፦ ነዳጅ ከመውጣቱ በፊት የቦታው ነባር ሕዝብ መስማማት አለበት ሲባል እሰማለሁ። በአማዞን ደን ከማንም ጋር መገናኘት የማይፈልጉትን ሰዎችስ ማን ሄዶ ይጠይቃቸዋል?

መልስ፦ ማንም መሄድ የለበትም፤ ጠያቂው ይዞት የሚሄደው ጉንፋን ሊፈጃቸው ይችላል። በፔሩ የናዋ ሕዝብ እ.ኤ.አ. በ1984 ከእንጨት ቆራጮች ጋር ከተገናኘ በኋላ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ግማሽ ያህሉ በበሽታ አልቋል። ስለዚህ መሸሻቸው፣ መንገድ ላይ ጦር አጣምረው መተዋቸው ራሱ «አንፈልግም» የሚል መልስ ነው። ፈቃድ አልተገኘምና ሥራው አይጀመርም።

ይህን በግልጽ የጻፈችው ኢኳዶር ናት። የ2008 ሕገ መንግሥቷ አንቀጽ 57 በእነዚህ ሕዝቦች መሬት ላይ ማናቸውንም የተፈጥሮ ሀብት የማውጣት ሥራ ይከለክላል፤ ጥሰቱንም ሕዝብን ከነባህሉ የማጥፋት ወንጀል ይለዋል። በአገሪቱ የአማዞን ደን በሚገኘው በያሱኒ፣ መገናኘትን ለማይሹት ለታጋኤሪና ለታሮሜናኔ ሕዝቦች የተከለለው ደን በ2007 ወሰኑ ሲሰመር 758,051 ሄክታር ነበር፤ ዙሪያውን ደግሞ 10 ኪሎ ሜትር ስፋት ያለው መከላከያ ቀጠና ተደረገለት።

ነገር ግን ክልከላውን ብቻ አንብበው አያቁሙ፤ «ካልሆነ በስተቀር» የሚለውን ይፈልጉ። የዚሁ የኢኳዶር ሕገ መንግሥት አንቀጽ 407 ፕሬዚዳንቱ ከጠየቁና ምክር ቤቱ ብሔራዊ ጥቅም ነው ካለ በተጠበቀ ቦታም መቆፈር ይቻላል ይላል። ያሱኒ ውስጥ ብሎክ 43 የተባለው ቦታ ለነዳጅ የተፈቀደው በ2013 በዚሁ በር ነው። በፔሩም የ2006ቱ ሕግ ቁጥር 28736 ክልሎቹ አይነኩም ካለ በኋላ፣ ለሕዝብ አስፈላጊ የሆነ ሀብት ከተገኘ ግን ይወጣል ብሎ በአንቀጽ 5 ቀዳዳ ትቷል። እንዲህ ያለ ሐረግ ያለበት ሕግ፣ በእኛ እምነት፣ ጥበቃ ሊባል አይገባውም።

ጥያቄ፦ ኩባንያው «እዚያ ሰው የለም» ቢልስ?

መልስ፦ ሳይቀርቡ ምልክት ይሰበሰባል፦ የእግር ዱካ፣ የተተወ ጎጆ፣ የተጣለ ጦር፣ ከአውሮፕላን የሚታይ ማሳ፣ የጎረቤት ሕዝቦች ምስክርነት። ብዙ ጊዜ ስህተት የሚፈጠረው የአንድ ወቅት ፍተሻ ባዶ ሲሆን ነው፤ ሰዎቹ ከቦታ ቦታ ስለሚዘዋወሩ ባዶ ፍተሻ አለመኖራቸውን አያረጋግጥም። ብራዚል ከ1987 ጀምሮ ያለመገናኘት መርህ ብትከተልም፣ መሬቱ ተለክቶ በቋሚነት እስኪከለል የምታወጣው የክልከላ ትዕዛዝ ጊዜያዊ ነው። እድሳቱ ሲዘገይ ወራሪው ይገባል።

የኢንተር አሜሪካ የሰብዓዊ መብቶች ፍርድ ቤት በመጋቢት 2025 ይፋ ባደረገው የታጋኤሪና የታሮሜናኔ ፍርድ፣ ሙሉ ማረጋገጫ ባይኖርም መንግሥት አስቀድሞ የመጠንቀቅ ግዴታ አለበት ብሏል። ኢኳዶር የብሎክ 43ን ነዳጅ ማውጣት እንድታቆምም አዟል። የአገሪቱ ሕዝብ ራሱ በነሐሴ 2023 ሕዝበ ውሳኔ 59 በመቶ በሚሆን ድምፅ ነዳጁ ከመሬት በታች ይቅር ብሎ ነበር። ለመዝጊያ የተሰጠው አንድ ዓመት ሲያልቅ ግን መንግሥት ከ247 ጉድጓዶች ገና የመጀመሪያውን እየዘጋ ነበር።